የሥዕል ወዳጆች ማኅበር መግባት ያዋጣል?

መልሱን ላስቀድም። ለጉዞው ከሆነ ያዋጣል። ለንግግሩ ከሆነ እንጃ።

የማወራው አዲስ አበባ ስላለ አንድ ትንሽ ማኅበር ነው። የማማርረው ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም፤ ይሉኝታ ይዞኛል። በየወሩ አንድ ምሽት ስለ ሥዕል ንግግር አለ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ተሰብስቦ ሥዕል ወዳለበት መሄድ ነው። ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ባንክ ቤት ብር ስቆጥር የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ እስክሪብቶ ይዤ ከፊርማዬ በቀር የሣልኩት የለም። ወርሃዊ መዋጮው ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም። የሚኒባሱ ኪራይ ግን በየጉዞው ለብቻው ይዋጣል። ስመዘገብ ይህንን ማንም አልነገረኝም።

ንግግሩን ቶሎ ልገላገለው። 11፡30 ይጀመራል ይባላል፤ በሰዓቱ ሲጀመር ግን አላየሁም። ፕሮጀክተሩ እንቢ ይላል፣ ገመድ ይፈለጋል፣ ሻይ ይመጣል። ተናጋሪዎቹ የተማሩ ናቸው፣ ግን ወረቀታቸውን ነው የሚያነቡት። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተደቅኖ እሳቸው ወደ ወረቀቱ አቀርቅረው! ደግነቱ ሁሉም እንዲህ አይደለም። አንድ አዛውንት መምህር ስለ ገብረክርስቶስ ደስታ ሲናገሩ ወረቀት አልያዙም ነበር። እኔ ገብረክርስቶስን በግጥሙ ነበር የማውቀው። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ረቂቅ ሥዕል፣ ነገሩን እንዳለ ሳይሆን በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚያሳየው፣ ስንቱን ሰው ግራ እንዳጋባ ያን ምሽት ሰማሁ። በማግስቱ ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለው በስሙ ወደተሰየመው ማዕከል ብቻዬን ሄድኩ። ሁሉም ምሽት እንዲያ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልነጫነጭም።

ጉዞው ግን ሌላ ነገር ነው። አስተባባሪያችን አንድ ሕግ አላት። ሥዕል ፊት እንቆማለን፤ ለአሥር ደቂቃ ማንም አይናገርም፣ ስልክም አይነካም። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ያየውን ይናገራል። ያየውን ብቻ። «ደስ ይላል» ማለት ክልክል ነው። «ግራ እጁ ላይ ምን ይዟል?» ትላለች። መጀመሪያ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ መቆም አሳፍሮኝ ነበር። አሁን ቤቴ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ሳይቀር እንዲያ አድርጌ ነው የማየው።

አፍሪካ አዳራሽ የሄድንበት ቅዳሜ ብቻውን የዓመቱን መዋጮ ይመልሳል። በአውቶቡስ ስንት ጊዜ ያለፍኩበት ቦታ ነው፤ ገብቼበት ግን አላውቅም። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ዝም ብሎ ሄዶ መግባት የለም። ማኅበሩ ቀድሞ ስም ዝርዝር ልኮ ፈቃድ ይዞ ነበር። እንዲያም ሆኖ መታወቂያ የረሳ አንድ አባላችን ከበር ተመለሰ፤ እናንተ እንዳትረሱ።

የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ባለቀለም የመስኮት መስታወት፣ 150 ካሬ ሜትር ነው ሲባል ቁጥሩ ምንም አላለኝም ነበር። ሥሩ ስቆም አንገቴን አመመኝ። ሦስት ክፍል ነው፤ የአፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ። ዳመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት ቀዩ ሁሉ ይጠቁራል፤ ዳመናው ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ይነዳል። ያንን ለማየት ዝም ብሎ መቆም ነው፤ ፎቶው አያሳይም። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ ሎሬቱ ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያው ውስጥ ነው። ታድሶ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2024 ስለሆነ ሁሉም ነገር ያብለጨልጫል።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የስድስት ኪሎው ሙዚየም ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ። ፎቁ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። በድሮው ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉው ከጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ከልጅነቴ ጀምሬ ቤተ ክርስቲያን ስስም ይህን ልብ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሣለችበት ጋ ቆምን። አሥር ደቂቃ። ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተጣምሮ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተዋል። ግራ እጇ ላይ ትንሽ መሀረብ አለች። ይህ አሣሣል ሮም ከሚገኝ ጥንታዊ ሥዕል የመጣ ነው፤ ቅጂውን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ይዘውት መጡ፣ የእኛ ሠዓልያን ደግሞ የራሳቸው አደረጉት። ሚሲዮናውያኑ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተባረሩ፤ መሀረቧ ቀረች። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ክንዴን ነካ አድርገው «አንቺ፣ ስሳለማት ኖሬ ጣቷን ዛሬ ገና አየሁት» አሉኝ።

ያን ቀን ያናደደኝ ምሳው ነው። ጠዋቱን በሥዕል ጀምረን ከሰዓቱን በሽሮና በቡና ጨረስነው፤ የቀረው ክፍል ሳይታይ ተዘጋ። ብዛታችንም ችግር ነው። ከኋላ የቆመ ሰው ማብራሪያ አይሰማም። ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ ቀድማችሁ ከአስተባባሪዋ ጎን ቁሙ። ለሁለት ቢከፍሉን ይሻል ነበር፤ ብያቸዋለሁ፣ «እናስብበታለን» ብለዋል።

ልጅ ይዞ ለሚመጣ መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም የሚሄዱበትን ቅዳሜ ይጠብቅ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ልጅ ቢሮጥ የሚቆጣ የለም። የልጅ ልጄ የኤልያስ ስሜን ሥራ፣ ያንን ከኮምፒውተር ዕቃና ከሽቦ የተሠራውን፣ ካየ ወዲህ የተበላሸ ሬዲዮ አያስጥለንም።

የቴሌግራም ቡድኑን ድምፁን ዝጉት። በዓል በመጣ ቁጥር አበባ ይጎርፍበታል፤ የጉዞው ማስታወቂያ ከሥሩ ይቀበራል። ጎረቤቴ አባል ሳትሆን ለጉዞው ብቻ እየከፈለች ትመጣለች፤ ትንሽ ይወደድባታል፣ ግን ይፈቀዳል። ለመሞከር ያሰባችሁ በዚያ ጀምሩ።