ማኛ ወይስ ሰርገኛ? የቢቸና ጤፍ ሲመዘን

ቢቸና ያለችበት የእነማይ ወረዳ መረሬ (ጥቁር አፈር) ለጤፍ የተመቸ ነው፤ ቢቸና እህል ተራ የገባ ሸማች ጤፍ አጥቶ አይመለስም። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ንጣቱን ስለሆነ ዋጋውም የሚቆረጠው በንጣቱ ነው፦ ማኛ ከላይ፣ ነጭ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰርገኛ፣ ቀይ ከታች።

በምግብነቱ ግን ነጩ ቀዩን የሚያስንቅበት ምክንያት የለም። ማኛን ያስወደደው እንግዳ ፊት የሚቀርብ እንጀራ ነጭ እንዲሆን መፈለጋችንና ማኛ እንደልብ አለመገኘቱ ነው። ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ማኛን ከምርታማ ዝርያ ጋር አዳቅሎ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለውን ዝርያ ካወጣ ወዲህ ነጭ ጤፍ እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። ስለዚህ «ማኛ ነው» ስለተባለ ብቻ ብር አትጨምሩ፤ ቁንጮም በማኛ ስም ሊቀርብ ይችላል።

ከቀለሙ ይልቅ ንጽሕናውን ፈትሹ። እፍኝ ጤፍ ከጆንያው አናት ሳይሆን ከሆዱ አስወጡ፤ አናቱ ላይ የተበጠረ፣ ከሥር ያልተበጠረ ማድረግ የተለመደ ነው። በሁለት መዳፍ ስታሹት እጅ ላይ አቧራ ከቀረ አፈር አለው። ጥቂቱን አኝኩት፤ ጥርስ ላይ ከተንኮሻኮሸ አሸዋ ነው። አቧራውን ወንፊት ያወጣዋል፣ ጤፍ የሚያህለውን አሸዋ ግን አያወጣውም። አሸዋው የሚገባው በሬ ባዶ አውድማ ላይ ሲያበራየው ነውና ሸራ ላይ የተወቃ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ። ቀይ ጤፍ በብረት ንጥረ ነገር ሲወደስም ይህ አይዘንጋ፤ ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ የአውድማ አፈር ነው።

ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ነፍታችሁ 50 ግራም ቆሻሻ ከወጣው ከኩንታሉ 5 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጤፍ ከንጹሑ በመቶ 3 ቢረክስ እንኳ የተወደደው እሱ ነው። ሚዛኑንም ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ 6 ጠርሙስ አስቀምጣችሁ ሞክሩት፤ ከ12 ኪሎ ጥቂት ከፍ ማለት አለበት። ከ12 በታች ካሳየ ሚዛኑ ልክ አይደለም።

ወሩም ከዝርያው ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ጥር ላይ ምርቱ ገብቷል፣ ገበሬውም የማዳበሪያ ዕዳና ግብር ስላለበት ይሸጣል፤ ነሐሴ ላይ ጎተራው ይጎድላል፣ ዋጋው ይወጣል። በቆሎ ቢሆን ነቀዝ ስለሚፈጀው አስቀምጦ መጠበቅ ያስፈራል፤ ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም። ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ካስቀመጣችሁት ዓመቱን ይዘልቃል። ጥር ላይ ሲገዛ ግን እርጥበቱን ማየት ያስፈልጋል፦ እጅ ሲከቱበት የሚቀዘቅዝና መዳፍ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሳይደርቅ ከተከማቸም ይሻግታል።

የመጀመሪያው ኩንታል የቤት ቀለብ ነው፤ ማንም ቢሆን ተወደደ ብሎ አይተወውም። ከዚያ በላይ የምትገዙት ለድግስ ወይም ለመጠባበቂያ ስለሆነ ዋጋው ካልተመቻችሁ ብትተዉት የሚጎዳችሁ ነገር የለም። ለዕለት እንጀራ የኛ ምርጫ ንጹሕ ሰርገኛ ነው፤ ማኛ ለበዓል 25 ኪሎ ይበቃል። ወፍጮ ቤት ከበቆሎ ቀጥሎ ወረፋ ከደረሳችሁ የመጀመሪያውን አንድ ኪሎ ዱቄት ለብቻ ተቀበሉ፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው የበቆሎ ዱቄት ከዚያ ጋር ይወጣል።