የ3,800 ብሩ ድመት ማባረሪያ እና ጥጤ

ቴሌግራም ላይ አይቼ ያዘዝኩት የድመት ማባረሪያ ስድስት ወር ሞላው። ሻጩ "ሲስተር፣ ከዚህ በኋላ ድመት የሚባል ነገር ግቢሽን አይረግጥም" ብሎኝ ነበር። ይረግጣል። ለማንኛውም ሊገዛ ላሰበ ሰው ያየሁትን ልንገር።

የምኖረው ገርጂ ነው። ከቤቱ ኋላ ሁለት መደብ አለኝ፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር በአራት ሜትር። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ትንሽ የሐበሻ ጎመን አለበት። ጥጉ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ። እርሻ ልትሉት አትችሉም። ግን ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ሰላጣ ገዝቼ አላውቅም፣ በዚህ እኮራለሁ።

ይህን ኩራቴን ያበላሹት ሦስት ድመቶች ናቸው። አንዷ ግራጫ ናት፣ አንዱ ጆሮው የተቦጨቀ አውራ ነው፤ ሁለቱም የማንም አይደሉም። ሦስተኛዋ ነጯ ጥጤ የጎረቤቴ የእማማ ናት። ሦስቱም የሚጸዳዱት እኔ መደብ ላይ ነው። አፈሩን ቆፍሬ፣ ፍግ ቀላቅዬ፣ በእጄ አድቅቄ የካሮት ዘር እዘራለሁ። በማግስቱ መሀሉ ተምሶ አገኘዋለሁ። ዘሩ ተጠራርጎ አንድ ጥግ ይከማችና ካሮቱ እዚያ እንደ ሣር ተጨናንቆ ይበቅላል። ሽታውን ደግሞ ተዉት።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያስጨነቀኝ የታናሽ እህቴ እርግዝና ነው። ቀን ቀን እኛ ቤት ነበር የምትውለው፣ ደግሞ ሰላጣ አማራት። ክትትል ስትሄድ ሐኪሟ ስለ ቶክሶፕላዝማ ነገራት። ጥገኛ ተሕዋስ ነው፣ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል። እንደወጣ ወዲያው አይዝም፤ ለመያዝ የሚደርሰው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ከዚያ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከያዛት ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጓንት ሳታደርጊ አፈር አትንኪ፣ ያልታጠበ ቅጠል አትብዪ ተባለች። ጥሬ ሥጋም ያው በሽታ ስላለበት ክትፎም አብሮ ተከለከለ። ያስለቀሳት እሱ ነው እንጂ ሰላጣውስ ግድ አልሰጣትም።

በዚህ ምክንያት ግንቦት መጨረሻ ላይ 3,800 ብር ከፈልኩ። ዲሊቨሪው 200።

ዕቃው ከካርቶኑ ሲወጣ የጉጉት ፊት ይመስላል። እንደ ሁለት ዓይን የሚያበሩ መብራቶች፣ መሀሉ ላይ ሴንሰር፣ ከታች ድምፅ ማውጫ፣ አናቱ ላይ ሶላር። በካስማው መሬት ላይ ትተክሉታላችሁ። ሙቀት ያለው ነገር ፊቱ ሲንቀሳቀስ ሴንሰሩ ያውቅና ቀጭን ድምፅ ይለቃል፣ መብራቱም ብልጭ ብልጭ ይላል። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ነው የሚሰማው፣ እሱም በልጅነት። ድመት ከ60 ሺህ በላይ ትሰማለች። ካርቶኑ ላይ እስከ 25 ሺህ እንደሚደርስ ተጽፏል፤ እኛን ሳይረብሽ እነሱን ያውካል ነው ሐሳቡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። ግራጫዋ እንደ ልማዷ ከአጥሩ ላይ ዱብ አለች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ቀጥ አለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ በመጣችበት ተመለሰች። መስኮት ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። ኩሽና የተሰቀለው ካላንደር ላይ በየጠዋቱ የማነሳውን እጽፍ ነበር። ከመግዛቴ በፊት በነበረው ሳምንት 11፣ በገዛሁ ሳምንት 2። ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሻጩን ስልክ ሰጠሁ። አሁን ሁለቱ ገዝተው ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ።

መጀመሪያ ያማረረችው ልጄ ናት። 14 ዓመቷ ነው። "እማዬ፣ የሆነ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል" አለች። እኔ ምንም አይሰማኝም። የፈተና ሰበብ መስሎኝ ነበር። ኋላ የታናሿ ጓደኞች መጥተው ጓሮ ሲጫወቱ ሁሉም ጆሯቸውን ያዙ። ለካ ድምፁ የተስተካከለው ዝቅ ካለው ላይ ነበር። ከጀርባው መዞሪያ አለ፤ ወደ ላይ ሲወጣ ልጆቹ ዝም አሉ። መመሪያው ላይ አንድ ቃል የለም። መመሪያ ካላችሁትማ፣ የግማሽ ገጽ ቻይንኛ ነው።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። የአዲስ አበባ ሐምሌ ለሶላር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሳይወጣ ይከርማል። አራተኛው ሌሊት ላይ ጉጉቱ ዓይኑን ጨፈነ። በዩኤስቢ ቻርጅ ይደረጋል፣ ግን ለዚያ ነቅሎ፣ ጭቃውን ጠርጎ ሳሎን ማስገባት ነው። ነቅዬ ባስገባሁበት ሌሊት አውራው ይመጣል፣ ማን እንደሚነግረው አላውቅም። እሱ ደግሞ ነሐሴ ላይ ሌላ ዘዴ አገኘ። ሴንሰሩ ፊት ለፊቱን እንጂ ጀርባውን አያይም። ስለዚህ በአጥሩ ሥር ዞሮ ከጉጉቱ ኋላ መጸዳዳት ጀመረ። ልክ ከኋላው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት! "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ያሉት ወደው አይደለም።

አሁን ወደ ጥጤ ልምጣ።

ጥጤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግድ አልነበራትም። ፊቱ ትቆማለች፣ መብራቱ ፊቷ ላይ ይበርቃል፣ እሷ ቀስ ብላ ትቆፍራለች። ስትጨርስ አፈር ታለብስና ሶላሩ ላይ አገጯን ታሻሻለች። ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ሻጩ ጋ ደወልኩ። "ዕቃው ኦሪጅናል ነው ሲስተር፣ ችግሩ ድመቷ ናት" አለኝ። ሰደብኩት ማለት ይቻላል። ገንዘቤን ስለው ደግሞ "ተከፍቷል" ብሎ ዘጋ፣ ከዚያም ብሎክ አደረገኝ።

ግን እውነቱን ነበር። አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘመድ አለን፣ ለመስቀል መጥቶ ጥጤን አያት። "ዓይኖቿ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው እንዴ?" አለ። ናቸው። ነጭ ሆነው ሁለቱም ዓይናቸው ሰማያዊ የሆኑ ድመቶች ብዙዎቹ ሲወለዱ ጀምሮ ደንቆሮ ናቸው አለን፤ ነጭ የሚያደርጋቸው ዘረ መል (ጂን) ነው የውስጥ ጆሯቸውንም የሚጎዳው። ልጄ ወዲያው ትሪ አምጥታ ከጀርባዋ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። እኛ ዘለልን። ጥጤ ክንዷን ትልስ ነበር፣ ቀጠለች።

እማማን ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"እማማ፣ ጥጤ ትሰማለች?"

"ትሰማለች እንጂ ልጄ! ትኮራለች እንጂ ትሰማለች። ስጠራት የማትመጣው ንቃኝ ነው።"

አልተከራከርኳቸውም።

በድምፅ ማባረሪያ ላይ እንግሊዝ ውስጥ በቤት ጓሮዎች የተደረገ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ከሁለቱ ሙከራዎች በአንዱ ድመት ወደ ጓሮ የመግባቷ ዕድል 32 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በሌላው በመግባቷ በኩል ለውጥ አልታየም፣ የምትቆይበት ጊዜ ብቻ አጠረ። ከመክፈሌ በፊት ባነበው ኖሮ 4,000 ብሩ ኪሴ ይቀር ነበር።

ታዲያ ምን ሠራልኝ? ሽቦ። የዶሮ ቤት የሚሠራበት ወንፊት ሽቦ። ስምንት ሜትር፣ በሜትር 220፣ ድምሩ 1,760 ብር። የጉጉቱን ዋጋ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ዘር ከዘራሁ በኋላ መደቡ ላይ ጠፍጣፋ አድርጌ አነጥፈዋለሁ፣ ጠርዙን በድንጋይ እይዘዋለሁ። ድመት ስትጸዳዳ መጀመሪያ መቆፈር፣ ኋላ ማልበስ ግዷ ነው። መዳፏ ሽቦ ሲነካ ትተወዋለች። ካሮትና ሰላጣ በቀዳዳው በቅለው ይወጣሉ። ጎመን ግን ግንዱ ሳይወፍር ሽቦውን አንሱለት፤ እኔ ረስቼ ሁለት እግር ጎመን አንቄ ገድያለሁ። የሽቦው ጫፍ እጅ ይቧጭራል፣ ስትቆርጡ ወደ ውስጥ እጠፉት። ደንቆሮ ሆነች አልሆነች ለሽቦ ለውጥ የለውም።

ሌላው ነገር አሸዋ ነው። እዚህ ላይ ራሴን ታዘብኩ። ከቤታችን ፊት ለፊት ሁለት ዓመት ሕንጻ ሲሠራ ነበር፣ በሩ ላይ ሁልጊዜ የአሸዋ ክምር አለ። ሕንጻው አለቀ፣ አሸዋው ተነሳ። ድመቶቹ እኔ ጋ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው! ሽንት ቤታቸው ፈርሶባቸው ነበር። ከሌላ ግንባታ አንድ ጋሪ አሸዋ ለምኜ አጥሩ ሥር ኮባው ጋ ደፋሁላቸው። ዝናብ እንዳይመታው አሮጌ ቆርቆሮ ከላይ ዘንበል አድርጌ አቆምኩ። በየቀኑ በአካፋ አነሳለሁ፣ በጓንት። አንድ ቀን ካሳለፍኩ ወደ መደቡ ጫፍ ይመለሳሉ፤ በዚህ በኩል ከሰው የበለጠ ንጹህ ናቸው።

ጤና አዳም ያባርራል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ግራጫዋ እውነትም ወደዚያ ጥግ አትጠጋም፣ አውራው ግን ሥሩ ይተኛል። የቡና አተላ ለሁለት ቀን ይሠራል፣ ዝናብ ሲመጣ አለቀ። በርበሬ በትኚ ያሉኝም አሉ። መዳፏን ስትልስ አፏና ዓይኗ ይቃጠላል፣ ይሄ ነውር ነው። ናፍታሊን ደግሞ ጭራሽ መርዝ ነው፣ አጠገቡ ቆስጣ ተክላችሁ ልትበሉ ነው እንዴ? ደግሞ ድመቶቹን ጠላት አድርጌ አላያቸውም። እነሱ ባሉበት ግቢያችን አይጥ አላየንም። እማማ ጥጤን ወደ ክፍለ ሀገር ይዘው የሄዱ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ዱቄቱ ውስጥ አይጥ ገባ።

ከአምስት ኮከብ ለጉጉቱ ሁለት እሰጠዋለሁ። አንዱ ለመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዱ ለመብራቱ፤ ማታ ቆሻሻ ለመጣል ስወጣ መንገዱን ያሳየኛል። ለሻጩ ምንም።

እህቴ ጥቅምት ላይ በሰላም ተገላግላለች። ሰላጣውን በደንብ እያጠበች ትበላለች፣ ክትፎውንም በላች። ጉጉቱን ጠርጌ ካርቶኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ፣ ነጭ ድመት የሌለበት ግቢ ያለው ሰው ካለ በግማሽ ዋጋ ይውሰደው። ካስማው ትንሽ ጎብጧል።