ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና ባትሪ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደጁ ላይ ባትሪ ደርድሮ፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ለጥፎ፣ «ጋሼ፣ አሮጌውን ካመጡ እንቀንስልዎታለን» የሚለው ነው።

የኔ መኪና አሮጌ ዲኤክስ ናት። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት እየተመላለሰች ትሠራለች። ይሄ መንገድ ለባትሪ ክፉ ነው፦ ላይ ያለው ውርጭ ጉልበቱን ይይዘዋል፣ ታች ያለው ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ይበላዋል። የድሮው ባትሪ ጠዋት ጠዋት ማቃሰት ሲጀምር ዋጋው ቢወደድም የሚቆይ ልግዛ ብዬ ሄድኩ። «ሲሲኤው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ በብርድ ሞተር የማስነሳት አቅሙን ማለቴ ነው። ልጁ ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀና «ጋሼ፣ ሲሲ የሞተር ነው፣ የባትሪ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ቴስተሩን ደቀነበት፤ 12.6 ቮልት። «ይኸው ሙሉ ነው፤ አምስት ዓመት አይነኩትም።» የአሮጌው ተቀንሶልኝ ከአስር ሺህ ብር በላይ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስል «ሲስተም የለም» ተባለና «ባትሪ 1» የሚል ብጣሽ ወረቀት በእጁ ጽፎ ሰጠኝ።

ብዙም አልቆየ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልገዛ ሞተር አጠፋሁ፤ ተመልሼ ቁልፉን ባዞረው ቀጭ ቀጭ ብቻ። የሰፈሩ ልጆች ገፉልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ስለሆነ በሁለተኛ ማርሽ ተነሳች። ሸዋ ሮቢት ኤሌትሪሺያን ጋ ወሰድኳት። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ለካ፣ 14.2 ቮልት ይሞላል፣ ጤነኛ ነው። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖም ደህና ነው። ከዚያ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጎ «ቁልፍ ስጠው» አለኝ፤ ቁጥሩ ከ9 በታች ወረደ። ክዳኖቹን ሲከፍታቸው ውሃው እንደ ጠላ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ ይሄ አሮጌ ነው። ቻርጅ አድርገው ነው የሸጡልህ» አለኝ።

በማግስቱ ተሸክሜው ሱቁ ገባሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። የታችኛው ረድፍ ላይ፣ ከዳር ሦስተኛው፣ የኔ ባትሪ ተቀምጧል። ያ ያስረከብኳቸው አሮጌው! ፓራፋንጎዋን ሳስበይድ ፍንጣሪ አርፎበት እጀታው በግራ በኩል ቀልጦ ነበር፤ ያ ቅላጭ እንዳለ አለ። ሌላው ሁሉ ግን ተቀይሯል። ታጥቧል፣ በዘይት ተወልውሏል፣ የእርሳሱ ጫፎች ተፍቀው ያበራሉ፣ ሆዱ ላይ የዘንድሮ ዓመት የታተመበት ቀይ ተለጣፊ ተለጥፎበታል።

እጀታውን ያዝኩና «ይሄ እኮ የኔ ነው» አልኩ። ልጁ ቅንጣት አልደነገጠም። «ባትሪ ሁሉ ይመሳሰላል ጋሼ።» የቀለጠውን አሳየሁት። ዝም አለ። ባለቤቱ ከውስጥ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ከወደዱት ይግዙት፤ ለእርስዎ እንቀንሳለን» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። ብሩ ይቅር፣ እሱ ሳቅ ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ። የገዛ ባትሪዬን በቅናሽ ሊሸጥልኝ! ጮህኩ፤ «መኪናዎ ነው የበላው፣ ዲናሞዎን ያሳዩ» አለኝና ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በአገጩ ጠቆመኝ። ዲናሞው ተለክቷል ብል ማን ይስማኝ። የተሸጠልኝም የሌላ ሰው አሮጌ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ቁልጭ ያለልኝ፤ አንዱ ያስረከበው ታጥቦ ለሌላው ይሸጣል።

12.6 የሚል ቁጥር አያታልላችሁ፤ ያለቀለት ባትሪም ከቻርጅ እንደወጣ ያንን ያሳያል። እዚያው መኪናችሁ ላይ አስገጥማችሁ፣ ሞተር ሲነሳ ቁጥሩ የት ድረስ እንደሚወርድ እዩ፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ጥላችሁት ውጡ። ተለጣፊውን ተዉት። ብዙ ስሪቶች ላይ የተመረተበት ወር በፈረንጅ ፊደል፣ ዓመቱ በቁጥር ፕላስቲኩ ወይም እርሳሱ ላይ ይታተማል፤ ኤ ማለት ጃንዋሪ ነው፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ተፍቆ ካገኛችሁት ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም። የማሽን ደረሰኝ ሳትይዙ ብር አትስጡ። ብጣሽ ወረቀት ይዤም ቢሆን ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ለማን እንደወጣ እጠይቃለሁ።

እስከዚያው ግን ያ ባትሪ መደርደሪያው ላይ ነው። ቀይ ተለጣፊ፣ እጀታው በግራ በኩል የቀለጠ። እንዳትገዙት፣ ጠዋት አይነሳም።