ከፖስታ ቤት ጀርባ ያለችው የመጽሐፍ ኪራይ ቤት

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ገባ ብላ አንዲት ጠባብ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ አለች። ትሸጣለች፣ ታከራያለችም። 300 ብር መያዣ ታስቀምጣላችሁ፣ በቀን 15 ብር ትከፍላላችሁ።

እኔ ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። ከእንግሊዝ የሚመጡ እንግዶች ጎሃ ላይ ወጥተው ቁልቁል ከተማዋን ሲያዩ ወሬያቸው ቶሎ ወደ አገራቸው መስክ ይዞራል። ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ስለገባኝ ነው ወደዚህ ሱቅ የሄድኩት።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። "ጋሼ፣ ስለ እንግሊዝ ገጠር የሚሆን ነገር ይኖርዎታል?" አልኳቸው። "ተቀመጥ እስቲ" አሉና ከላይኛው መደርደሪያ ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አወረዱ። አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

መጀመሪያ የገለጡልኝ ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 የሳለውን ሥዕል ነው። ሰፎክ ውስጥ፣ ስቱር ወንዝ ላይ ጋሪ ቆሟል። በስተግራ ቤት፣ ከፊት ውሻ፣ ከላይ ደመና። ብዙ እንግሊዛዊ "አገሬ" ሲል በዓይኑ የሚመጣበት እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ጋሼ ግን ጣታቸውን ጋሪውን አሳልፈው በስተቀኝ ወዳለው ሩቅ መስክ ወሰዱት። የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሰዎች ድርቆሽ ይሰበስባሉ። "መሬቱ የማን ይመስልሃል?" አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ያ በቁጥቋጦ አጥር የተሸነሸነው አረንጓዴ መስክ ድሮም እንዲያው የነበረ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብዙው በሕግ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1604 እስከ 1914 ፓርላማቸው ከ5,000 በላይ የአጥር ሕጎች አውጥቷል። የወል ግጦሹ ተከልሎ ለባለመሬቶች ሆነ። እዚያ ላሙን ያሰማራ የነበረ ድሃ ወይ የቀን ሠራተኛ ሆነ፣ ወይ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ተሰደደ። የእናቴ ጓሮ በቅንጭብ የታጠረ ነው፤ አጥር ስል በልቤ ያለው እሱ ነበር። ይሄኛው ሌላ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ ወጣት ሠራተኞች በባለመሬቶች ተከልክሎ የነበረውን የኪንደር ስካውት ተራራ በእግራቸው ወጡ። አምስቱ ታሰሩ። በ1951 ያ ተራራ የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ አካል ሆነ። ይህን ለእንግዶቼ ስነግር ጨዋታው ይለወጣል፤ አንዳንዱ ስለ አያቱ ማውራት ይጀምራል።

የሱቋ ትልቁ ሀብት ግን ሌላ ነው። ጋሼ መጻሕፍቱ የዘለሉትን ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ገጹ ውስጥ ይተዋሉ። የዊንድሶር ቤተ መንግሥት ፎቶ ያለበትን ገጽ ገልጬ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ፈለግኩ። አንድ መስመር የለም። ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ የተወሰደው፣ በ18 ዓመቱ የሞተው የቴዎድሮስ ልጅ! ፎቶው ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል፦ "የእኛ ልጅ እዚህ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀብሯል። እ.ኤ.አ. 1879።" ዝም ብዬ ቆየሁ። ጋሼም አላናገሩኝም።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ያለው አንድ አምፖል ነው። መብራት ከጠፋ ይዘጋል። አንዳንዱ መጽሐፍ ገጹ ተገንጥሏል፤ እኔ የያዝኩት ስለ ሃድሪያን ግንብ ከሚናገረው ምዕራፍ ግማሹ የለውም። ሳትከራዩ በፊት ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ምሳ ሰዓትም አትሂዱ፣ ቤታቸው ሄደው ነው የሚበሉት።

መጽሐፉ እስከ ዓርብ እኔ ጋ ነው። የፈለገ ቅዳሜ ጠዋት ያገኘዋል። የአጥሩ ገጽ ላይ እኔም አንድ ወረቀት ጨምሬበታለሁ፣ ጋሼን አስፈቅጄ።