የኪስ ሰዓት ማሽን ወይስ አዲስ የጃፓን ማሽን? በትእዛዝ የሚሠራ የድሮ መልክ ሰዓት ለምትገዙ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የእጅ ሰዓቶች ተቀምጠዋል። ሁለቱንም በትእዛዝ ነው ያሠራኋቸው፤ ክሬም ፊት፣ ሰማያዊ ቆጣሪ፣ ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ። አንዱ ተለቅ ስለሚል ታላቅና ታናሽ ይመስላሉ። ጆሮ ላይ ሲያስጠጓቸው ግን ዝምድናቸው ያበቃል። ታላቁ በሴኮንድ አምስት ጊዜ፣ ረጋ ባለ ወፍራም ድምፅ ይመታል። ታናሹ ስድስት ጊዜ፣ ፈጠን ብሎ። የታላቁ ሆድ ዕቃ በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ዋልተም ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ የኪስ ሰዓት ማሽን ነው። የታናሹ ደግሞ የጃፓኑ ሴይኮ የሚሠራው ኤንኤች35 የተባለ አዲስ ማሽን።

ይህን ዓይነት ሰዓት የሚሸጥ ሁሉ «ማሽኑ ኦሪጅናል ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። የእኔም ሁለቱ ኦሪጅናል ናቸው፤ ግን አንዱ የዘወትር፣ አንዱ የክት ነው። ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የክቱን ለዘወትር ይገዛና በስድስት ወሩ ያዝናል።

የ1950ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ሰዓት ራሱን ለምን አትገዙም ለሚል፣ መግዛት ይቻላል። ግን የብዙዎቹ ፊት እንደገና ተቀብቷል፣ እርጥበት የገባባቸውም ሞልተዋል። አንዳንዶቹ በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡበት ራዲየም የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርም ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አለ። አዲስ ቀፎ፣ አዲስ ፊትና አዲስ መስታወት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ታላቁ፦ የድሮ የኪስ ሰዓት ማሽን በአዲስ ቀፎ

ዋልተም ከ1850 እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰዓት አምርቷል፤ ተፎካካሪው ኤልጂን ከዚያም በላይ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የወርቅ ቀፏቸው ለወርቁ ሲባል ቀልጦ ማሽናቸው ብቻ ቀርቷል። ቀፎ አልባ የቀሩትን ወስዶ የእጅ ሰዓት ማድረግ ለእኔ ደግ ሥራ ነው። ደህና ቀፎ ያለውን ሙሉ ሰዓት ማፍረስ ግን አልወድም፤ ከማዘዛችሁ በፊት ማሽኑ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

የሰዓቱን ጀርባ ስትገለብጡ የምታዩትን አዲስ ማሽን አይሰጣችሁም። የብረቱ ሳህን ላይ እንደ ውሃ ሞገድ የሚጥመለመል ጌጥ ተፈልፍሏል፣ ቀያይ የሩቢ ድንጋዮች በወርቃማ ቀለበት ተከበዋል፣ ተከታታይ ቁጥሩ በእጅ ጽሕፈት መሳይ ፊደል ተቀርጿል። በዚያ ቁጥር ማሽኑ መቼ ገደማ እንደተሠራ ይታወቃል። ያን ጊዜ ሰዎቹ ይህን ሁሉ የደከሙት ሰዓት ሠሪ ካልሆነ በቀር ማንም ከፍቶ በማያየው ቦታ ላይ ነበር። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ነው።

ትክክለኛነታቸውም የዋዛ አይደለም። በ1891 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን ላይ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰው ካለቀ በኋላ፣ የአሜሪካ የባቡር ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ሰዓት አጥብቀው መቆጣጠር ጀመሩ፤ በሳምንት ከ30 ሴኮንድ በላይ መዛባት አይፈቀድም ነበር። ኤንኤች35 ከፋብሪካ ሲወጣ የተፈቀደለት በቀን 20 ሴኮንድ መዘግየት ወይም 40 ሴኮንድ መቅደም ነው። በተግባር ከዚህ በብዙ ይሻላል፣ ግን ልዩነቱን እዩት። የባቡር ሰዓቱ ግን ያን ያህል የሚጠብቀው ኪስ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በየጊዜው እየተመረመረ ነው። ክንድ ላይ ሲወዛወዝ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ማሽኖች ከመውደቅ የሚጠብቅ ነገር የላቸውም። የእኔ ከአልጋ ራስጌ ወደ ሸክላ ወለል አንዴ ወደቀ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ ቀፎው አልተጫረም፣ ሰዓቱ ግን ቆመ። ሰዓት ሠሪው በአጉሊ መነጽር አይቶ «የባላንሱ ዘንግ ሄዷል» አለኝ፤ ባላንስ ማለት ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ሰዓቱን የሚያስመታው መንኮራኩር ነው፤ ከፀጉር ብዙ የማይወፍረው ጫፉ ተሰብሮ ነበር። መለዋወጫው የተገኘው ሌላ የሞተ ማሽን ገዝተን ከእሱ በማውጣት ነው። ሁለት ወር ጠበቅሁ። ሠሪውን አላማርረውም፤ ዕቃው ሱቅ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ስፋቱ ነው። አሜሪካኖቹ 16 ቁጥር የሚሉት ማሽን ብቻውን 43 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀፎ ሲጨመርበት ቀጭን ክንድ ላይ ሳህን ይሆናል። 12 ቁጥር 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለእጅ የሚሻለው እሱ ነው። ደግሞ ከባቡር ሰዓቶቹ ብዙዎቹ ሰዓት የሚስተካከልባቸው ጉልላቱን (ከጎን ያለውን የሚጠመዘዝ ጉብታ) በመሳብ ሳይሆን ከመስታወቱ ሥር በተደበቀች ትንሽ ምላስ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ለእጅ ሰዓት አያመችም፤ ሻጩን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ታናሹ፦ ኤንኤች35 እና ዘመዶቹ

እዚህ ብዙ የሚደነቅ ጌጥ የለም። ግን ክንድ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል፣ በእጅም ይሞላል፣ ጉልላቱ ሲሳብ ሴኮንድ ቆጣሪው ቆሞ ይጠብቃል። አውልቃችሁ ብታስቀምጡት 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ቢወድቅም የባላንሱ ዘንግ የተቀመጠባቸው ድንጋዮች በትንሽ ሞላ ስለተያዙ ይተርፋል። ከነጭራሹ ቢበላሽ ደግሞ ሙሉ ማሽኑን መቀየር ከሰርቪስ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የትኛውም ሰዓት ሠሪ ያውቀዋል።

መጠኑ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወንድ ሰዓት ከ34 እስከ 36 ሚሊ ሜትር ነበር። ኤንኤች35 ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያንን መጠን መሥራት ይቻላል፤ ከመቶ ዓመቱ የኪስ ማሽን ይልቅ በዘመኑ ልክ የሚወጣው አዲሱ ነው። ጉድለቱ ውፍረቱ ነው፣ ማሽኑ ብቻ 5.3 ሚሊ ሜትር። ከሸሚዝ እጅጌ ሥር እንዲገባ የምትፈልጉ ከሆነ የሲቲዝኑን ሚዮታ 9015 ጠይቁ። 3.9 ሚሊ ሜትር ነው፣ በሴኮንድ ስምንት ጊዜ ይመታል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

አንድ ነገር በእኛ አቆጣጠር ለምትሄዱ። ቀን የሚያሳይ ማሽን ቁጥሩን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፣ ከሁለት ዙር አንዴ። ሰዓታችሁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞላችሁት ቀኑ የሚቀየረው ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ጠዋቱን ብታስይዙት ከንጋት ከሚጀምረው ቀናችን ጋር ያምራል። ወሩ ላይ ግን አይገጥምም፤ ማሽኑ እስከ 31 ይቆጥራል፣ የእኛ ወር 30 ነው፣ ጳጉሜንም አለች። በዓመት 13 ጊዜ በእጅ ታስተካክላላችሁ፣ ፈረንጅ 5 ጊዜ ብቻ። በዚያ ላይ ቆጣሪዎቹ 12ን ሊደርሱ ወይም ሊያልፉ ሲሉ ቀኑን በእጅ መቀየር ጥርሱን ይጎዳል። እኔ ብሆን ቀን የሌለውን ኤንኤች38 ወይም ሚዮታ 9039 አሠራለሁ፤ ፊቱም ያለ መስኮት ይበልጥ የድሮ ይመስላል።

በመካከላቸው ያሉት

የኪስ ሰዓት መልክ ወዳችሁ ስብራቱን የማትፈልጉ ከሆነ፣ የስዊሱ ዩኒታስ 6497 እና 6498 አሉ። 36.6 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በእጅ የሚሞሉ፣ ለኪስ ሰዓት የታሰቡ፣ አዲሶቹ መውደቅን የሚቋቋሙ፣ መለዋወጫቸውም የሚገኝ። ልዩነታቸው ትንሿ ሴኮንድ ናት፦ ጉልላቱ 3 ላይ ሲሆን በ6497 ሴኮንዷ 9 ላይ፣ በ6498 ደግሞ 6 ላይ ትቀመጣለች። ይህን ሳታውቁ ፊቱን ካዘዛችሁ ቀዳዳው ቦታውን ይስታል። ቻይና የሚሠራ አቻም አለው፣ መጥፎ አይደለም፤ ግን በስዊስ ዋጋ አትግዙት።

ሩጫ የሚቆጥር ሰዓት ለሚወድ የቲየንጂን ኤስቲ19 አለ። ቻይና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከስዊሱ የሰዓት ማሽን ፋብሪካ ከቬነስ ማሽነሪ ገዝታ፣ በቬነስ 175 መሠረት ለአየር ኃይሏ ያሠራችው ማሽን ዘር ነው። ውብ ነው። ሰርቪሱ ግን የሁለት ተራ ሰዓቶችን ያህል ድካም አለው፣ የሚደፍረው ሠሪም ጥቂት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ማሽኑ ራሱ፣ ያው ለእናንተ የሚገጠመው፣ ከጀርባ ተከፍቶ ፎቶ ይነሳ። ቁጥሩ ይነበብ። ለአሮጌ ማሽን ደግሞ የታይምግራፈር (የሰዓቱን ምት አዳምጦ የሚለካ መሣሪያ) ውጤት ጠይቁ። ሰዓቱ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቶ የባላንሱ መወዛወዝ ከ250 ዲግሪ በላይ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከ220 በታች ከሆነ ታጥቦ ዘይቱ ሳይቀየር አትቀበሉ። የውሃውንም ጠይቁ። እኛ በልተን ሳንታጠብ የማንውል ሰዎች ነን፣ የኪስ ማሽን የሚገጠምባቸው ቀፎዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከጠብታ በላይ አይችሉም።

በመጨረሻ ፊቱ ላይ የሚጻፈው ስም። «ማሽኑ ኦሪጅናል ነው፣ ፊቱ ላይ የፈለጉትን የስዊስ ስም እንጽፋለን» የሚል ሠሪ አጋጥሞኛል። ያንን ስም ያስጻፈ ሰው ጤነኛውን ማሽን ፎርጅድ ሰዓት አደረገው፤ ሊሸጠው አይችልም፣ አንዳንድ ጉምሩክም ይወርሰዋል። እኔ የሁለቱንም ፊት ያለ ስም ነው ያሠራሁት፣ ቁጥርና ቆጣሪ ብቻ። ሰው «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ማሰሪያውን ፈትቼ ጀርባውን አሳየዋለሁ።