ላም የሚታከምበት ክሊኒክ ጊኒ ፒጋችንን እንዴት አስተናገደ

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ፣ የብሎኬትና የቆርቆሮ መሸጫዎቹ ሲያልቁ፣ ሁለት ክፍል ያላት የእንስሳት ክሊኒክ አለች። ፊት ለፊቷ የመድኃኒትና የመኖ መሸጫ ነው፤ ሕክምናው ከመጋረጃው በስተጀርባ ነው። ስሟን አልጽፍም። ሐኪሟ ራሷ «ድመትና ጥንቸል የያዘ ሁሉ ከመጣብኝ ላሞቼን ማን ያይልኛል?» ብላ ለምናኛለች። የአካባቢው ሰው በር ላይ ካለው የድርቆሽ ክምር ያውቃታል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መሣሪያዋ ጥቂት ነው፣ ሰዓቷ አይታመንም፣ ሐኪሟ ግን ግራም ትቆጥራለች። ክብደት ለሚቀንስ ትንሽ እንስሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ እስክደርስ ድረስ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ታማሚዋ ዳጉሳ ትባላለች፤ የሦስት ዓመት ሴት ጊኒ ፒግ ናት፤ ጊኒ ፒግ ከአይጥ የሚተልቅ፣ ጅራት አልባ፣ ሣር በል ትንሽ የቤት እንስሳ ነው። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር ዜጋ ከነቤቷ ለልጄ ትቷት ሄደ። ጎረቤቶቻችን አይጥ ይሏታል፤ ልጄ ትቆጣለች፣ እኔ ትቼዋለሁ። ዘሯ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች ነው፤ በዚያ አገር ከሺህ ዓመታት ጀምሮ ለሥጋ ሲረባ የኖረ እንስሳ ነው። ስለዚህ የእኛ ከፍታ አያስደነግጣትም፤ የሚፈትናት የክረምቱ እርጥበት ነው።

እኔ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በግራም መዝኜ የምሸጥ ሴት ስለሆንኩ ቤቴ ሚዛን አይጠፋም። ዳጉሳን በየእሑዱ ጠዋት፣ ቁርሷን ሳትበላ፣ በፕላስቲክ ሳህን አድርጌ እመዝናታለሁ። ሰኔ ላይ 940 ግራም ነበረች፤ አንድ ያደገ ጊኒ ፒግ ከ700 እስከ 1200 ግራም ስለሚመዝን ደህና ክብደት ነው። ነሐሴ ሲገባ 895 ሆነች፣ ከዚያ 850፣ ከዚያ 810። የሄደው 130 ግራም ነው። ለሰው ሲሰላ ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ ዐሥር ኪሎ ገደማ ጣለ እንደማለት ነው። በዓይን ግን አይታይም፤ ፀጉሯ ይሸፍነዋል። ጀርባዋን በጣት ሲዳስሱት ብቻ አከርካሪዋ ይቆጠራል።

የገረመን ነገር የምግብ ፍላጎቷ አለመጥፋቱ ነበር። ጎመን ስናመጣ እየጮኸች ትሮጣለች። ቅጠሉን ትይዛለች፣ ሁለት ጊዜ ታገላብጠዋለች፣ ከዚያ ይወድቅባታል። እንደገና ታነሣለች፤ እንደገና ይወድቃል። አገጯ ሥር ያለው ፀጉር ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በጠጧም አንሶ ጫፉ ሾጣጣ ሆነ።

መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ወስደናት ነበር። እዚያ ማንም አልመዘናትም፤ የዶሮ ቫይታሚን ተሰጠን፣ ቀጥሎም የፔኒሲሊን መርፌ ተዘጋጀ። እምቢ ብዬ ወጣሁ። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ፣ አሞክሲሲሊንና አምፒሲሊንም ጭምር፣ ለላምና ለውሻ መልካም መድኃኒቶች ናቸው፤ ለጊኒ ፒግ ግን በአንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ጨርሰው መርዝ የሚያመነጩት እንዲነግሡ ስለሚያደርጉ ሊገድሏት ይችላሉ። ይህን እንስሳ የያዘ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ቢረሳ እንኳ ይህን አይርሳ።

ወደ ክሊኒኳ ልመለስ። ካርድ የሚጽፈው ልጅ «የእንስሳው ዓይነት» ከሚለው አጠገብ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ ዶሮ፣ ውሻ የሚለውን ዝርዝር በጣቱ ተከተለና «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። መጠበቂያው ደጅ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ነው። አጠገቤ በግ የያዙ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ካርቶኑን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ይህቺ ምን ትሰጣለች?»

«ምንም አትሰጥም አባባ። ሥራዋ መብላት ብቻ ነው።»

«እንግዲያ ሥራዋን ትታ ነው የመጣችሁት በይኛ!»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የሐኪም ማብራሪያ ሁሉ የእርሳቸውን ያህል አጭርና ትክክል አልነበረም።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ዳጉሳን ከመንካቷ በፊት እጇን አሞቀች፤ በዚያ ብርድ ይህን ያሰበ ሰው ደስ ይላል። ቀጥላ መዘነቻት፤ ሚዛኗ ከእኔው ሚዛን ጋር በሁለት ግራም ብቻ ተለያየ። በፎጣ ጠቅልላ አገጯን ዳሰሰች፣ ሆዷን አዳመጠች፣ ከዚያ የጆሮ መመልከቻውን አፏ ውስጥ አስገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ልጄን ጠርታ አሳየቻት፤ እኔም አየሁ። በታችኛው መንጋጋ በግራ በኩል አንዱ ጥርስ ወደ ውስጥ ሹል አውጥቶ የምላሷን ጠርዝ ቧጥጦታል።

ጊኒ ፒግ 20 ጥርሶች አሏት፤ አራቱ የፊት፣ 16ቱ የመንጋጋ ናቸው። ሁሉም ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ። የሚሞርዳቸው ቀኑን ሙሉ የሚታኘክ ረጅም ሣር ነው። እኛ ዘንድ ክረምቱን ደረቅ ሣር ጠፍቶ ጎመን፣ ካሮትና ፉርሽካ ስትበላ ከርማለች፤ እነዚህ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታኝከው የሚዋጡ ናቸው። የፊት ጥርሷ ደህና ስለሆነ አፏን ከፍቶ ያየ ሰው ምንም አላገኘም፤ ጉዳዩ ያለው ከኋላ ነው። በዚያ ላይ ዶክተሯ የኋላ እግሯን ስታጥፍባት ዳጉሳ ጮኸች፤ የቫይታሚን ሲ እጥረትም እንዳለባት ጠረጠረች። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ይህን ቫይታሚን ሰውነቷ ውስጥ መሥራት አትችልም፤ ከጎደላት መገጣጠሚያዋ ያማታል፣ ድዷ ይደማል፣ ምግብም ትሸሻለች።

አሁን የወደድኩትን ልናገር። ወዲያው ለመሞረድ አልቸኮለችም። «እንዲህ ከስታ ማደንዘዣ አልሰጣትም። መጀመሪያ 850 አድርሱልኝ» አለች። እስከዚያ የሕመም ማስታገሻ በጠብታ፣ ቫይታሚን ሲ በቀን 50 ሚሊ ግራም ገደማ፣ የቀረው ሥራ ደግሞ የእኛ። ቫይታሚኑን ከሰው ፋርማሲ ገዝተን፣ ፈጭተን፣ በስሪንጅ በቀጥታ አፏ ውስጥ ነው የምንሰጣት። በውኃ መጠጫዋ መበጥበጥ ከንቱ ነው አለች፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙን ከጠላችው ደግሞ ውኃውንም ትተወዋለች። የፈረንጅ ቃሪያም ጨመረችልን፤ በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል፣ ስኳሩም ያነሰ ነው።

በሌላ አገር ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት ይሸጣል፤ እኛ ግን አላገኘንም። ዶክተሯ ያስተማረችን እንዲህ ነው። የጥንቸል መኖ እንክብል በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ በወንፊት የተነፋ የድርቆሽ ዱቄት ይጨመርበታል፤ ያለ ጨውና ያለ ዘይት የተቀቀለ ዱባ ትንሽ ይገባና በጁስ መፍጫ ይመታል። የሚፈለገው ከአጥሚት ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ያለ ነገር ነው። ስሪንጁ በጠባብ ጫፉ ስለሚደፈን ዶክተሯ ጫፉን በምላጭ ቆርጣ፣ ምላስ እንዳይቧጥጥ ጠርዙን በእሳት አለሰለሰችው። ከፊት ጥርስ ኋላ ካለው ክፍተት በጎን በኩል ይገባል፤ ጥቂት ይሰጣል፣ እስክታኝክ ይጠበቃል፣ እንደገና ይሰጣል። እንስሳዋ በአራት እግሯ እንደቆመች ትያዛለች፤ በጀርባዋ ከተንጋለለች ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ፤ አንዱ ሌሊት ላይ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ባዶ ሆድ ማደር ለእነዚህ እንስሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንጀታቸው ሥራ ያቆማል፣ ጉበታቸውም በስብ ይሞላል።

ልጄ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። እኔ ስይዛት ዳጉሳ ግማሹን በቀሚሴ ላይ ትተፋዋለች።

ድርቆሹን ከክሊኒኳ በር መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ሐኪሟም አልመከረችኝም፤ የራሷን ዕቃ «ይህ ክረምቱን የከረመ ነው፣ ለላም ይሆናል» ብላ የማትሸጥ ነጋዴ ማየት ለእኔ ለነጋዴዋ ብርቅ ነው። ሻጋታ የነካው ድርቆሽ ለትንሽ እንስሳ ሳንባ አደጋ ነው። ያገኘነው ከሱሉልታ ነው። ሱሉልታ የአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞችን በድርቆሽ የሚቀልብ አገር ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲታጨድ ጭነቱ ከመኪናው ገላ በሦስት እጅ የሚበልጥ አይሱዙ በእንጦጦ መንገድ ሲወርድ ያላየ የለም። ሻጩ ለአንዲት እንስሳ መሆኑን ሲሰማ «ስንት ሊትር ትታለባለች?» አለኝ። አንድ እስር ገዛሁ። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ሲሸቱት እንደ ደረቅ ሻይ ቅጠል የሚሸት፣ እንጨት እንጨት ያላለ ድርቆሽ ፈልጉ። አልፋልፋም አቅርበውልኝ ነበር፤ ዶክተሯ እስክትወፍር ድረስ ብቻ ጥቂት ፈቀደች። ላደገ ጊኒ ፒግ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ያመጣል።

ሚዛኑ በዚህ ጊዜ በየቀኑ ሆነ። መጀመሪያ ወደ 790 ወረደች፤ ያን ቀን ነው ክሊኒኳን ክፉኛ የተቀየምኳት። ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። በባጃጅ ሄድኩ፣ በሩ ዝግ ነው። ካርድ ጸሐፊው ልጅ «ሰንዳፋ ላም ምጥ ይዟት ሄዳለች» አለኝ። መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ የለም፤ ተተኪ ሐኪምም የለም። አመሻሽ ላይ መጣች፤ ቦት ጫማዋ ላይ ጭቃና ደም እንዳለ ነው። ታጥባ፣ ባንኮኒው ላይ በባትሪ ብርሃን ዳጉሳን አየቻት፣ የምግቡን መጠን አስተካከለች፣ ገንዘብም አልተቀበለችም። ቅሬታዬ ግን አልተነሣም። የአንድ ሰው ክሊኒክ የአንድ ሰው ክሊኒክ ነው፤ ላሚቱ እኛን እስክትጨርስ አትጠብቅም፣ እኛም ላሚቱን እስክትወልድ መጠበቅ አንችልም።

850 ስትደርስ ጥርሷ ተሞረደ። ለዚህ የሚሆን ቀጭን ሞረድና አፍ መክፈቻ ይዞ የመጣው ዶክተሯ አብራው የተማረች የቢሾፍቱ ሐኪም ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው ያለው። ለውሻ ከቀዶ ሕክምና በፊት ጾም ይታዘዛል፤ ጊኒ ፒግ ግን ማስመለስ ስለማትችልና ባዶ አንጀት ስለሚጎዳት እስከ ሰዓቷ ድረስ ስትበላ ነበር የቆየችው። ሲያልቅ በሙቅ ውኃ ጠርሙስ አጠገብ አስተኝተው እስክትነቃ አልተነሡም። ለጥቂት ቀናት መንጋጋዋ ስላመማት እንደገና ወደ 832 ወረደች፤ ከዚያ 870፣ ከዚያ 905 ሆነች። ባለፈው እሑድ 918 ነበረች። ጎመን አይወድቅባትም። አገጯም ደርቋል።

ሌሎች እንከኖችም አሉ። ኤክስሬይ የለም፤ የጥርሱ ሥር ወደ ታች አድጎ ከሆነ ደግሞ በዓይን ብቻ አይታወቅም። የጋዝ ማደንዘዣ የለም፤ የተሰጠው በመርፌ ነው፣ ከዚያ መንቃት ጊዜ ይወስዳል። ውሻና ጊኒ ፒግ በአንድ አግዳሚ ወንበር መቀመጥ ደግሞ ዳጉሳን በፍርሃት ያደርቃታል፤ ካርቶኑን በነጠላ ሸፍኜ ከመኖ ከረጢቶቹ ጀርባ መቆም ለምጃለሁ። በክረምት ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው ጭቃ ቦት ጫማ ያስፈልገዋል።

ዋጋው አያማርርም። ለካርድ 150 ብር ከፈልኩ፤ ለሚዛን ብቻ ብቅ ስንል የሚጠይቀን የለም። ውዱ የጥርስ ሙረዳው ነበር፤ እርሱንም በሁለት ከፍለን ጨረስን።

ላሞች የሚጎበኙት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በጠዋት ሂዱ። የክብደቱን መዝገብ በወረቀት ያዙ፤ ዶክተሯ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው እርሱን ነው። ትንሽ ስሪንጅም ከፋርማሲ ገዝታችሁ ሂዱ፤ እዚያ መደርደሪያው ላይ ያለው የላም ነው።