ጉሊት ወይስ መርካቶ?

ለወጥ የሚሆነውን ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጎመን ከሰፈር ጉሊት በእግር ሄዶ መግዛት ይሻላል ወይስ መኪና አስነስቶ መርካቶ መውረድ? እኔ ለጉሊቱ አደላለሁ።

ጉሊት ላይ ቲማቲሙ በመደብ በመደብ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ መርጦ መውሰድ ይቻላል። ሻጯ ደንበኞቿን ታውቃለች። «እህቴ፣ ጎመኑ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው» ብላ ለምለሙን ትመርጣለች፤ ሁለት ቃሪያ ትመርቃለች። ብር ቢጎድል «ነገ ታመጪዋለሽ» ይባላል። መንገዱ ራሱ ደስ ይላል፦ ጎረቤት ሰላም ይባላል፣ የታመመ ይጠየቃል፤ ክረምት ላይ ደግሞ በየጥጉ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። (ልጅ ይዞ መሄድ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ዋጋ መጠየቅን እዚያው ይለምዳል።) ይህን ደስታ በምንም አልለውጠውም።

መርካቶም የራሱ ሞገስ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የተቋቋመው ይህ ገበያ እንደ ሸራ ተራና ምናለሽ ተራ ባሉ ተራዎች የተከፋፈለ ነው፤ በጅምላ ለሚገዛ ዋጋው ይቀንሳል። ለዓመት በርበሬና ለድግስ ቅመም እዚያ መውረድ ያዋጣል። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ግን ቤንዚኑ፣ ግፊያውና የመኪና ማቆሚያ ፍለጋው ትርፉን ይበሉታል።